ጭስ የሆነው ፍግ፣ ገደል የገባው ፌስታል

በአንኮበሯ ከተማ በጎረቤላ፣ መንገድ ላይ የሚታየው ቆሻሻ ትንሹ ነው። ትልቁ በየምድጃው ይነዳል፤ ብክነት ብሎ የሚጠራውም የለም።

ከሰዓት በኋላ ጉሙ ከቆላው በኩል ሽቅብ መውጣት ሲጀምር የጎረቤላ ገበያ ይሳሳል። ከዓልዩ አምባና ከዚያ በታች ካለው ቆላ ማሽላ፣ ማሾና ሽንኩርት ጭነው የወጡት፣ ቁልቁለቱ ላይ ሳይመሽባቸው ለመግባት አህያቸውን ያጣድፋሉ። ከደጋው ገብስ፣ ባቄላና የበግ ፀጉር ይዘው የመጡት ባናቸውን ደርበው በተቃራኒው ያቀናሉ። ሰዉ ሲሄድ መሬቱ ላይ ብዙ ነገር ይቀራል፤ የጎመን ቅጠል፣ የሸንኮራ አገዳ ልጣጭ፣ የአህያ ፋንድያ፣ የበሬ እበት፣ ባዶ ሃይላንድ፣ የብስኩት ልባስ፣ ጥቁርና ሰማያዊ ፌስታል።

ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ቆም ብሎ ማየት ይጠቅማል። መጀመሪያ በጎችና ፍየሎች ይገቡና የጎመኑን ቅጠልና የሸንኮራውን ልጣጭ ከመሬት ያነሱታል። ቅርጫት የያዙ ልጃገረዶች እበቱንና ፋንድያውን ይለቅማሉ። አንድ ልጅ ባዶ የማዳበሪያ ከረጢት እየጎተተ ሃይላንድ ይሰበስባል።

«እትዬ፣ ያቺን ጠርሙስ ልውሰዳት?» ይላል የሻይ ቤቷን ባለቤት።

«ውሰዳት የኔ ልጅ፤ ክዳኗንም ፈልጋት።»

ክዳን የሌለው ሃይላንድ ዋጋ የለውም። ክዳን ያለው ግን ዘይት ይያዝበታል፣ አረቄ ይሸጥበታል፣ ፀበል ይቀዳበታል። ልጁ ይህን ያውቃል፤ ስለዚህ ክዳኑን በአቧራው ውስጥ በጣቱ ሲፈልግ ይቆያል። ጥላው ሲረዝም መሬቱ ላይ ወዳጅ ያጣው ስሱ ፌስታልና ልባሱ ብቻ ነው። ሌሊት ነፋስ ያነሳውና ከአፋፉ ወደ ገደሉ ይጥለዋል።

ዓለም «ዜሮ ቆሻሻ» የሚለው አሠራር በአጭሩ ይኸው ነው። ነገሩ ከመነሻው እንዳይበዛ ማድረግ፣ ያለውን ደጋግሞ መጠቀም፣ የሚበሰብሰውን ለአፈር፣ የሚቀልጠውን ለፋብሪካ መመለስ፤ የሚቀበርና የሚቃጠል ነገር እስከማይቀር ድረስ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ መጋቢት 21ን የዜሮ ቆሻሻ ቀን አድርጎ ያከብራል። የጎረቤላ ገበያ ግን ቀን ሳይቆረጥለት፣ መመሪያ ሳይወጣለት የሥራውን ትልቅ ክፍል ሲሠራ ኖሯል። የጎደለው ምን እንደሆነ ለማየት ከገበያው ወጥቶ ወደ ቤት መግባት ያስፈልጋል።

ምንም የማይጣልበት ቤት

የአንኮበር ደጋ ቤት ከጥንት ጀምሮ ቁጠባ የተሠራበት ቤት ነው። ገብሱ ሲወቃ ፍሬው ለቆሎ፣ ለበሶና ለጠላ ይሆናል። ጭዱ ለከብት ይቀርባል፤ የተረፈው ከጭቃ ጋር ተቦክቶ ግድግዳ ይመረግበታል። ጠላው ሲጠለል አተላው ለላሟና ለአህያዋ ነው። ያደረ እንጀራ ፍርፍር ይሆናል፤ ካላለቀም በፀሐይ ደርቆ ድርቆሽ ተብሎ ለመንገድ ስንቅ ይቀመጣል። አመድ ድስት ያጥባል፤ ነቀዝ እንዳይገባውም ከእህል ጋር ይደባለቃል። ባና አርጅቶ ከሰው ትከሻ ሲወርድ ለአህያ ደልዳል ይሆናል፤ ከዚያም ተበጣጥሶ የበር ክፍተት ይደፍናል።

ከፋብሪካ የመጣው ዕቃም እዚህ ሁለተኛና ሦስተኛ ዕድሜ አለው። የዘይት ጀሪካን ውኃ ይቀዳል። የቲማቲም ድልህ ጣሳ ኩራዝ ይሆናል ወይም እህል ይሰፍራል። የመኪና ጎማ በረባሶ ሆኖ እግር ላይ ይወጣል። የማዳበሪያ ከረጢት ከእህል መያዣነት አልፎ መጋረጃ፣ ምንጣፍና የዝናብ ልብስ ሆኖ ያገለግላል።

በአዲስ አበባ ይህንኑ ሥራ በየሰፈሩ እየዞሩ የሚሠሩት ቁራሌዎች ናቸው። «ልዋጭ!» እያሉ አሮጌ ልብስ በሳፋና በብርጭቆ የሚለውጡትም እንዲሁ። መዳረሻቸው መርካቶ ነው፤ ምናለሽ ተራ ገብቶ መልኩን ሳይለውጥ የሚወጣ ቆርቆሮ ጥቂት ነው። በርሜሉ ምጣድ ክዳን ይሆናል፣ የብረት ቁርጥራጩ ምድጃ። በአገሪቱ ትልቁ የዕቃ መልሶ መጠቀሚያ ማዕከል እስከ ዛሬ ድረስ ማንም በዕቅድ ያላቋቋመው ይህ ሰፈር ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም።

ዕድሜያቸው የገፋ የጎረቤላ ሰዎች ስለ ድሮው ሲጠየቁ፣ ከቤት የሚወጣ ቆሻሻ ማለት አመድና ጥራጊ እንደነበር ይናገራሉ። እሱም ከጓሮ አይርቅም። ጎመኑና ድንቹ የሚያምረው እዚያ ስለሆነ ነበር። ወጣቶቹ በበኩላቸው ይህን ትዝታ ሲሰሙ የሚሰማቸው ሌላ ነው። ለነሱ «ምንም አይጣልም» ማለት ድህነት ነው፤ በፌስታል የታሰረ ዳቦ መግዛት፣ ሕፃኑን ዳይፐር ማልበስ መሻሻል ነው። ሁለቱም ወገን የያዘው እውነት አለው። ስለ ዜሮ ቆሻሻ የሚናገር ሰው እናት ዳይፐሩን ትታ ወደ ጨርቅ እንድትመለስ ከመንገሩ በፊት ውኃው ከየት እንደሚቀዳ፣ ማን ተሸክሞ እንደሚያመጣውም ማሰብ አለበት።

እሳት የሚበላው ማሳ

ጠዋት ከብቶቹ ከበረት ከወጡ በኋላ፣ ውርጩ ገና ሳይለቅ፣ የቤቷ እመቤት ያደረውን እበት በእጇ ሰብስባ ከገብስ ጭድ ጋር ታቦካዋለች። ጭዱ የሚገባው እበቱ እንዲያያዝና ሲደርቅ እንዳይፈረካከስ ነው። ከዚያ በሁለት መዳፏ እያነሳች ፀሐይ በሚመታው የድንጋይ ካብ ላይ ትጠፈጥፈዋለች። የአምስት ጣቶቿ ምልክት ላዩ ላይ ይቀራል። በበጋ ፀሐይ ሰንብቶ አንድ ጎኑ ሲደርቅ ይገለበጣል፤ ሁለተኛው ጎኑም ሲደርቅ ይደረደራል። ክምሩ ዝናብ እንዳያገኘው ከላይ በትኩስ እበት ይለቀለቃል። ክምሩን አይቶ ክረምቱ እንዴት እንደሚከርም መገመት ይቻላል፤ ትልቅ ክምር ያለው ቤት ሐምሌን አይፈራም።

ይህ ኩበት እንጀራ ይጋግራል፣ ወጥ ይሠራል፣ የአንኮበርን ብርዳም ሌሊት ያሞቃል። የተረፈው ይሸጣል። ወደ ደብረ ብርሃን በሚያስገቡት መንገዶች ኩበት የጫኑ አህዮችን ማየት የተለመደ ነው፤ ገንዘቡም የጨው፣ የዘይትና የደብተር መግዣ ይሆናል። ሥራው ንጹሕ ነው፣ ጥበብም አለው። ከቆሻሻ ጋር የሚያይዘው ሰው አይገኝም።

ትልቁ ብክነት ያለው ግን እዚህ ላይ ነው። ላሚቱ የበላችው ሣርና ጭድ ከማሳው የወጣ ነው፤ በእበቱ በኩል ወደ ማሳው መመለስ ነበረበት። እበቱ ሲነድ በውስጡ ያለው ናይትሮጂን ከጭሱ ጋር ወደ አየር ይሄዳል። አፈርን ልል የሚያደርገውና ውኃ የሚያስይዘው ብስባሽ አካልም አብሮ ያልቃል። በአመዱ ውስጥ የሚቀረው ፎስፈረስ፣ ፖታሲየምና ጥቂት ሌሎች ማዕድናት ናቸው። በአንድ ቶን ደረቅ እበት ውስጥ ወደ 15 ኪሎ ግራም ገደማ ናይትሮጂን አለ፤ ይህ ከኩንታል ዩሪያ ሲሶ ያህሉ ማለት ነው። ያው ገበሬ ነው እንግዲህ በሰኔ ተሰልፎ፣ አንዳንዴም ተበድሮ ዩሪያ የሚገዛው። የማዳበሪያ ዋጋ በዓለም ገበያ ከናረበት ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ይህ ስሌት ለማንም የገባ ነው።

ገበሬው በሰኔ በብድር የሚገዛውን በጥር በምድጃው ያነደዋል።

ነገሩን ከልማድ ብቻ የመጣ አድርጎ መውሰድ ስህተት ነው። ደጋው ላይ ኩበት የነገሠው እንጨት ሲጠፋ ነው። አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መናገሻ ሆኖ በኖረበት ዘመን ቤተ መንግሥቱ፣ መኳንንቱና ሠራዊቱ ብዙ እንጨት የሚፈልጉ ነበሩ። በኋላ መናገሻው ወደ እንጦጦና አዲስ አበባ ሲዛወር እንጨት የማለቁ ችግር አብሮ ተዛወረ፤ ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን እንዲገባ ያደረገውም ይኸው ነበር። ኬን ኒውኮምብ የተባሉ የዓለም ባንክ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1984 ስለ ኢትዮጵያ በጻፉት ጥናት ሂደቱን ደረጃ በደረጃ አሳይተዋል። መጀመሪያ ዛፉ ያልቃል፣ ቀጥሎ እበቱ ማገዶ ይሆናል፣ ቀጥሎ የሰብሉ ተረፈ ምርት ይከተላል፤ አፈሩም ከሁለት በኩል ይራቆታል። ጥናቱ ከወጣ አርባ ዓመት አልፎታል። በአንኮበር ዙሪያ በየካቡ ላይ የተጠፈጠፈው ኩበት ግን ሁለተኛው ደረጃ ገና እንዳላለፈ ያሳያል።

የግብርና ባለሙያ «እበቱን አታንድዱት» ሲል እናቶች የሚመልሱት አንድ ጥያቄ ነው፤ «በምን እንጋግር?» ይህ ጥያቄ ያልተመለሰበት የአፈር ለምነት ትምህርት ሁሉ ከስብሰባው አዳራሽ አይወጣም።

«በምን እንጋግር?»

መልስ የሚሆኑ ነገሮች ጨርሶ የሉም ማለት አይደለም። ከ1980ዎቹ ጀምሮ በአገሪቱ የተሠራጨው የሲሚንቶው ምርጥ ምድጃ፣ በሦስት ጉልቻ ከመጋገር ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን ወደ ግማሽ ያህል ይቀንሳል። ይህ ማለት ከሁለት ክምር ኩበት አንዱ ለማሳ ሊተርፍ ይችላል ማለት ነው። ያለ ምንም አዲስ ፋብሪካ፣ ያለ ምንም የቆሻሻ መኪና፣ ምድጃን በመለወጥ ብቻ። ስለ ቆሻሻ አያያዝ ሲወራ ስለ ምድጃ የሚያነሳ ሰው ብዙም አልሰማሁም፤ ለአንኮበር ግን ከመጥረጊያና ከገንዳ በፊት መምጣት ያለበት ምድጃው ነው ብዬ አምናለሁ።

ሁለተኛው ባዮጋዝ ነው። በ2001 ዓ.ም. ገደማ ሥራ የጀመረው ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም ከኔፓል በተወሰደና ስንዱ በተባለ ንድፍ ከመሬት በታች የሚሠሩ ጉድጓዶችን አማራ ክልልን ጨምሮ በየክልሉ አስገንብቷል። ሐሳቡ ድንቅ ነው። እበትና ውኃ ተደባልቀው ይገባሉ፣ ጋዙ ያበስላል፣ ዝቃጩ ደግሞ ናይትሮጂኑን ሳያጣ ማሳ ይገባል። ማቃጠልና ማዳበር የተጣሉበትን ነገር ያስታርቃል። ችግሩ ብርዱ ነው። ጋዝ የሚሠሩት ረቂቅ ተሕዋስያን ሙቀት ይወዳሉ፤ ሙቀቱ ከ15 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች ሲወርድ ሥራቸው ይዳከማል። የጎረቤላ ሌሊት ደግሞ የታወቀ ነው። በተጨማሪ ባዮጋዝ አራት ያህል ከብትና በየቀኑ ከእበቱ እኩል የሆነ ውኃ ይፈልጋል። ስለዚህ ይህ መፍትሔ ከከተማው በታች፣ ወደ ዓልዩ አምባ በሚወርደው ሞቃት ወገን ላለው ገበሬ ይበልጥ ይስማማል።

ሦስተኛው ቀስ ብሎ የሚመጣ ነው፤ በየቤቱ ጥግ፣ ለእርሻ በማይሆነው ቁልቁለት ላይ የሚተከል የማገዶ ዛፍ። በከተማው ውስጥ ደግሞ መብራት በማይጠፋበት ሰዓት የኤሌክትሪክ ምጣድ አለ። አንዳቸውም ብቻቸውን አይበቁም። ግን ከማጀቱ የሚተርፍ እያንዳንዱ ኩበት ወደ ማሳ የሚመለስ ናይትሮጂን ነው።

ውኃው የሚከፈልበት አፋፍ

ጎረቤላ የተቀመጠችበት ቦታ ለዚህ ነገር ልዩ ክብደት ይሰጠዋል። ከተማዋ በስምጥ ሸለቆው አፋፍ ላይ ናት። ከአፋፉ በስተ ምሥራቅ የሚወርደው ጅረት ሁሉ ወደ አዋሽ ይሄዳል፤ አዋሽም አፋር በረሃ ውስጥ ይቀራል እንጂ ባሕር አይደርስም። ከአፋፉ ጀርባ፣ በደብረ ብርሃን በኩል ያለው ውኃ ደግሞ በበሬሳ ወደ ጀማ፣ በጀማ ወደ ዓባይ ይገባል። እዚህ ላይ የሚወድቅ ፌስታል ገደሉ ስር ተጋድሞ የሚቀር ይመስላል። የሐምሌ ጎርፍ ግን ይወስደዋል፤ ከታች ያለው ገበሬ በመስኖ ቦዩ አፍ ላይ ያገኘዋል።

በመንገዱ ላይ ሌላ ተቀባይ አለው፤ ከብቱ። ጨው የነካው ወይም የምግብ ሽታ ያለው ፌስታል ላም ትውጠዋለች። በጨጓራዋ ውስጥ አይፈጭም፣ አይወጣም፤ እየተጠቀለለ ይከማቻል። ላሚቱ መብላት ትቀንሳለች፣ ትከሳለች፣ ወተቷ ይነጥፋል። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የሚታወቀው ስትታረድ ነው። የእንስሳት ሐኪሞችም ሥጋ ሻጮችም የሚያውቁት ነገር ነው፤ ከሆዷ የሚወጣው የተጠቀጠቀ ፌስታል አንዳንዴ ክንድ ሙሉ ይሆናል። ላሚቱ ስትጠፋ ወተቱና ጥጃው ብቻ አይደሉም የሚጠፉት፤ ማሳውን የሚያለማው እበትም አብሮ ይጠፋል። በገበያው ላይ በነፋስ የሚንከባለለው ፌስታልና በካቡ ላይ የተጠፈጠፈው ኩበት የማይገናኙ ይመስላሉ፤ በዚህች ላም ሆድ ውስጥ ግን ይገናኛሉ።

ሌላም መገናኛ አላቸው፤ አመዱ። ከየቤቱ በብዛት የሚወጣው ነገር አመድ ነው። ፎስፈረስና ፖታሲየም አለው፤ አሲዳማ ለሆነ የደጋ አፈር ደግሞ እንደ ኖራ ያገለግላል። ድሮ ጓሮ ይገባ ነበር። ዛሬ የከተማው ጓሮ ጠብቧል፤ አመዱም ከባትሪ ድንጋይ፣ ከተሰበረ ጠርሙስ፣ ከፌስታልና ከዳይፐር ጋር በአንድ ከረጢት ታጭቆ ቦይ ውስጥ ይደፋል። አንድ እፍኝ የማይፈለግ ነገር አንድ ከረጢት የሚፈለግ ነገርን አበላሸ ማለት ነው።

ከሰንዳፋ እስከ ቆሼ

ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን የሚመጣ መንገደኛ ሰንዳፋን ያልፋል። እዚያ በ2008 ዓ.ም. የሆነው ነገር ለጎረቤላ የሚነግረው አለ። የአዲስ አበባ ቆሻሻ ለአሥርተ ዓመታት ሲደፋበት የኖረው ቆሼ ሞልቶ ነበር። በፈረንሳይ ገንዘብ ድጋፍ ሰንዳፋ አጠገብ ዘመናዊ የተባለ ማስወገጃ ተሠርቶ ሥራ ጀመረ። ዓመት ሳይሞላው በዙሪያው ያሉ ገበሬዎች ሽታውን፣ ወደ ጅረታቸው የሚፈሰውን ፍሳሽና የሚሞተውን ከብታቸውን እየጠቀሱ ተቃወሙ፤ ማስወገጃው በዚያው ዓመት ተዘጋ። ቆሻሻው ወደ ቆሼ ተመለሰ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ማታ የቆሼ ክምር ተደርምሶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ብዙዎቹ እዚያው ክምሩ ሥር ጎጆ ቀልሰው፣ ከክምሩ እየለቀሙ የሚኖሩ ነበሩ።

በ2010 ዓ.ም. ክረምት ከቆሼ አጠገብ ቆሻሻ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው የረጲ ፋብሪካ ተመረቀ። በአፍሪካ የመጀመሪያው ነው ተብሎ ተወራለት። ግን የእኛ አገር የቤት ቆሻሻ አብዛኛው እርጥብ ነው፤ ልጣጭ፣ ትርፍራፊ፣ ቅጠል። እርጥብ ነገርን ለማንደድ መጀመሪያ ውኃውን ማትነን ግድ ነው፤ ኃይሉ እዚያ ላይ ያልቃል። የሚበሰብሰው ከሌላው ተለይቶ ቢቆይ አፈር ይሆን ነበር።

ቆሻሻው የሚከብደው ከተደባለቀ በኋላ ነው።

ይህን ሕጋችን አስቀድሞ አይቶት ነበር። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513፣ እያንዳንዱ የቤት ኃላፊ መልሶ ጥቅም ላይ የሚውለውን ከሚወገደው እንዲለይ ያዝዛል። ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ፌስታልንም ከልክሎ ነበር። ያ ስሱ ፌስታል ግን ከዚያ በኋላም ለዓመታት በየሱቁ ተንጠልጥሎ ቆየ። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አዲስ አዋጅ አጽድቆ አንድ ጊዜ ብቻ ጥቅም ላይ የሚውል ፌስታልን ጨርሶ አገደ። ሩዋንዳ በ2000 ዓ.ም.፣ ኬንያ በ2009 ዓ.ም. የሄዱበት መንገድ ነው። ባለሱቆች «በምን ጠቅልለን እንሽጥ?» ይላሉ፤ ጥያቄው ከእናቶቹ ጥያቄ ጋር አንድ ዓይነት ነው፣ መልሱ ግን ይቀላል። ዘንቢልና ቅርጫት በዚሁ ገበያ ይሸጣል፤ ከማዳበሪያ ከረጢት የተሰፋ ቦርሳም ለዓመት ያገለግላል።

አርባ አምስት ቦታ የሚለዩ ሰዎች

ሕጉ ያዘዘውን መለየት እስከ ጥግ የወሰዱ ሰዎች አሉ፤ በጃፓን ሺኮኩ ደሴት፣ በተራሮች መካከል ያለችው ካሚካትሱ 1,500 ያህል ሰው የሚኖርባት ትንሽ ስፍራ ናት። ነዋሪዎቿ እስከ 1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ድረስ ቆሻሻቸውን ሜዳ ላይ ያቃጥሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 በአገሪቱ የመጀመሪያ ሆነው «ዜሮ ቆሻሻ» አወጁ። የቆሻሻ መኪና የላቸውም፤ እያንዳንዱ ቤት የራሱን ይዞ ይመጣና በ45 ዓይነት ለይቶ ያስቀምጣል። ወደ 80 በመቶ የሚሆነው መልሶ ጥቅም ላይ ይውላል። የማእድ ቤቱ ትርፍራፊ ከነጭራሹ ወደዚያ አይመጣም፤ በየቤቱ ብስባሽ ይሆናል። ሰው የማይፈልገውን ዕቃ አስቀምጦ የሚፈልገውን በነጻ የሚወስድበት ሱቅም አላቸው።

ካሚካትሱን ያነሳሁት እንድንመስላት አይደለም። እሷ ለአብዛኛው ዓይነት ተረካቢ አላት፤ ጎረቤላ የላትም። ለጎረቤላ 45 ቦታ አያስፈልጋትም፤ ሁለት ይበቃታል። አንዱ አመድና የሚበሰብስ፣ ሌላው የቀረው ሁሉ። መያዣው ደግሞ በየቤቱ ያለው ባዶ የማዳበሪያ ከረጢት ነው።

ባዶዋን የምትመለስ አህያ

ብስባሽ አዲስ ነገር አይደለም። ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና ባለቤታቸው ሱ ኤድዋርድስ በ1980ዎቹ መጨረሻ በትግራይ ከገበሬዎች ጋር የጀመሩት ሥራ፣ በደንብ የተዘጋጀ ብስባሽ ከፋብሪካ ማዳበሪያ የማይተናነስ፣ አንዳንዴም የሚበልጥ ምርት እንደሚሰጥ በማሳ ላይ አሳይቷል። አሠራሩም ቀላል ነው። ከታች ደረቅ ጭራሮና ገለባ፣ በላዩ እርጥብ ቅጠልና ልጣጭ፣ በላዩ ጥቂት እበት፣ አመድና አፈር፤ እንዲህ እየተደራረበ ይከመራል፣ በየጊዜው ውኃ ይጠጣል፣ ይገለበጣል። በደጋ ብርድ ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ ክረምት ሊወጣ ሲል ጀምሮ መከመር ያስፈልጋል፤ በየካቲት ለበልግ ገብስ የሚደርሰው ያኔ ነው።

ሥራው የሚሰናከለው ፌስታል ሲገባበት ነው። ፌስታል በክምሩ ውስጥ ውኃና አየር አያሳልፍም፤ ተበጣጥሶ ማሳ ሲገባ ደግሞ ገበሬው ዳግመኛ አይቀበልም። መርፌና የጠርሙስ ስባሪ ከተገኘበትማ ነገሩ አበቃ፤ ባዶ እግሩን የሚያርስ ሰው አንድ ጊዜ ከተወጋ ያን ክምር ለጎረቤቱም አይመክረውም።

በየጊዜው መጥረጊያ ይዞ የሚወጣው የጽዳት ዘመቻ ይህን አይፈታም። የዘመቻው ሰዎች በቅን ልብ ይጠርጋሉ። ግን የጠረጉትን ሁሉ አንድ ላይ ያከማቹታል፤ የተከማቸው ይቃጠላል ወይም ወደ ገደሉ ይሄዳል። ከተማው ለዓይን ይጸዳል፣ አፈሩ ግን ምንም አያገኝም። ማዘጋጃ ቤቱ ከዘመቻው ይልቅ አንድ የተከለለ የብስባሽ ቦታና ሁለት ሦስት ቋሚ ሠራተኛ ቢያኖር የተሻለ ነው። ማኅበር አቋቁመው ሥራ የሚፈልጉ ወጣቶች አሉ፤ ገዢውም በገበያ ቀን ራሱ ይመጣል።

የአካባቢውን ገበያ የሚያውቅ ሰው የሚያስተውለው አንድ ነገር አለ። ገብስና ባቄላ ጭኖ የሚመጣው ገበሬ ሸጦ ሲመለስ አህያው ብዙ ጊዜ ባዶዋን ናት። ጨውና ጥቂት ዕቃ እንጂ ጭነት የላትም። የከተማው አመድና ብስባሽ ወደ ማሳ ለመሄድ መኪና አያስፈልገውም፤ በየሳምንቱ በራሱ ጊዜ የሚመጣ ማጓጓዣ አለ። ገበሬዎች ስለዚህ ሲነሳባቸው የሚያስቀምጡት ቅድመ ሁኔታ አንድ ነው፤ ፌስታልና ስባሪ አይግባበት። የሚከፍሉት ገንዘብ ይኑር አይኑር ከዚያ በኋላ የሚነጋገሩበት ነው።

ሁለተኛው ከረጢት ይቀራል። ሃይላንዱንና ቆርቆሮውን የሚለቅሙ ልጆችና ወደ ደብረ ብርሃን የሚጭኑ ነጋዴዎች አሉ። የባትሪ ድንጋይ፣ ዳይፐርና ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት ግን ዛሬ በጎረቤላ የሚረከባቸው የለም። ተረካቢ እስኪገኝ ድረስ ክዳን ባለው በርሜል ተለይተው ይቀመጡ፤ ከአመዱ ጋር ግን አይደባለቁ።